የማድ ቤቱ ግድግዳ

ጡረታ ከወጣን ወዲህ እኔና ባለቤቴ ሥራ ፈተን አናውቅም። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ዘንድሮ አሸንዳው ተገንጥሎ ውሃው የማድ ቤቱን ግድግዳ እስከ ማገሩ ድረስ አጠበው።

"ሰው እንቅጠር" አልኳት።

"30 ዓመት የሰው ልጅ ስታስተምር ኖረህ ጭቃ ማቡካት አቃተህ?" አለችኝ። እሷ ነርስ ነበረች፤ ማዘዝ ታውቅበታለች።

ጥቅምት ሲገባ አፈር ቆፈርን፣ የጤፍ ጭድ ገዛን፣ ውሃ አጠጥተን በእግራችን ረገጥነው። ታዲያ ጭቃ በተቦካበት ቀን አይመረግም። ጭዱ እስኪበሰብስ ውሃ እየጠጣ፣ እየተገላበጠ ለቀናት ይከርማል። ያኔ እንደ ሊጥ ይያያዛል፣ ሲደርቅም ብዙ አይሰነጠቅም። ሽታው ግን አይጣል ነው! ለቡና የመጣች ጎረቤታችን አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና ነው የገባችው።

እኔ ቸኮልኩ። በሦስተኛው ቀን አንዱን ጎን መረግሁት። በሳምንቱ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ዝም ብላ አየችኝ፤ እሱ ይብሳል።

የቀረውን በ12ኛው ቀን አብረን መረግነው፤ እኔ አቀብላለሁ፣ እሷ በእጇ ትለስናለች። መሐል ላይ "ጀባ!" ብላ አቦሉን ስታቀርብልኝ እጄ እስከ ክርኔ ጭቃ ነበር። ስኒውን ራሷ ይዛ አጠጣችኝ።

አሸንዳው ገና አልተሰቀለም። ለጉልበትህ አይሆንም ተብዬ መሰላል ከመውጣት ታግጃለሁ። ትናንት ከገበያ ስመለስ ግን እሷን ጣሪያው ጫፍ ላይ አገኘኋት፤ ሚስማር በአፏ ይዛ።