ሁለት ጣት የጎደለው ቀበቶ

ድሮፕ ታወር ላይ እንደምሠራ የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «የትኛው ነው በጣም የሚያስፈራው?» መልሴን የሚወደው ግን እምብዛም ነው። ሰው የሚጠብቀው ቁጥር ነው፤ ይህን ያህል ሜትር፣ በሰዓት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር። እኔ ደግሞ ማማው ሥር ቆሜ የሚወጣውንና የሚወርደውን ሰው ፊት ሳይ ስለምውል፣ ቁመትና ፍርሃት እኩል እንደማይሄዱ አይቻለሁ።

ለማያውቀው፣ ድሮፕ ታወር ማለት ወንበር ላይ ታስረህ ማማው ጫፍ ድረስ ቀስ እያልክ ትወጣና፣ እዚያ ትንሽ ቆይተህ በድንገት የምትለቀቅበት መጫወቻ ነው። ዲሲና አካባቢው ያለነው ሐበሾች በብዛት የምናውቀው ቨርጂኒያ ውስጥ ዶስዌል ላይ፣ ኪንግስ ዶሚኒየን የሚባለው የመዝናኛ ፓርክ ያለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተ ሲሆን ቁመቱ 93 ሜትር ገደማ ነው፤ 83 ሜትር ያህሉን ቁልቁል ያወርድሃል፣ ፍጥነቱም በሰዓት 116 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሜሪላንድ የነበረው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ የሚባለው ፓርክ በኖቬምበር 2025 ከተዘጋ ወዲህ፣ ከዚህ አካባቢ ልጆቹን ይዞ የሚወጣ ሰው በብዛት ወይ ወደ ኪንግስ ዶሚኒየን ወይ ወደ ፔንስልቬንያው ኸርሺ ፓርክ ነው የሚነዳው። እኔ የምሠራበት ከእነዚህ አንዱም አይደለም፤ ስሙ ይቅር።

በአሠራራቸው ማማዎቹ ሁለት ወገን ናቸው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ወገን በሞተርና በብረት ገመድ ተጎትቶ ይወጣል፣ ከላይ ሲለቀቅ ግን ማንም አይገፋውም፤ የሚያወርደው የራሱ ክብደት ነው። የኪንግስ ዶሚኒየኑ እንዲህ ነው። ፍሬኑ ማግኔት ነው፤ ማግኔቱ በብረት ሳንቃዎች አጠገብ በፍጥነት ሲያልፍ ሳንቃዎቹ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ ያ ኤሌክትሪክ ደግሞ መልሶ ማግኔቱን ይይዘዋል። ስለዚህ መብራት ቢጠፋም ፍሬኑ ይሠራል። የአገሬን ሰው የሚያረጋጋው ይህቺን ስነግረው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ወገን በታመቀ አየር ይሠራል። ዩታ ያለው ኤስ ኤንድ ኤስ የሚባለው ኩባንያ ነው ስሙን ያተረፈበት። አየሩ ወደ ላይ ያስወነጭፍሃል፣ ወይም ከላይ ወደ ታች ይገፋሃል። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በራስህ ክብደት ስትወድቅ አንተም ወንበሩም እኩል ስለምትወርዱ የሚሰማህ መንሳፈፍ ነው። አየር ሲገፋህ ግን ወንበሩ ይቀድምሃል፤ መቀመጫህ ይነሳና የያዘህ የትከሻው ማቀፊያ ብቻ ይሆናል። ኸርሺ ፓርክ በ2017 የተከፈቱት ሦስት ማማዎች እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ትልቁ 58 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው።

እኛም ጋ ሁለቱም ዓይነት አለ። ረጅሙ በራሱ ክብደት የሚወድቀው ነው፣ እኔ የምሠራውም እሱ ላይ ነው። አጭሩ፣ በአየር የሚሠራው፣ ጥግ ላይ ስላለ ሰልፉ ትንሽ ነው፤ ሰው በቁመቱ ይንቀዋል።

ነገሩ የሆነው በጁላይ ወር፣ ፓርኩ ጢም ባለበት ቅዳሜ ነው። ሰልፉ አጥሩን አልፎ አይስክሬም መሸጫው ጋ ደርሷል። የሺፍቱ አለቃ በሬዲዮ «ፍጠኑ፣ ፍጠኑ» ይላል፤ በሰዓት ስንት ሰው እንደተሳፈረ የሚጠየቀው እሱ ነውና። እኔ ወንበር ፈታሽ ነበርኩ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ማቀፊያውን ከትከሻ ወደ ደረት ትጫናለህ፣ ወደ ላይ ስበህ አለመላቀቁን ታያለህ፣ ማቀፊያውን ከወንበሩ ጋር የሚያገናኘውን ቀበቶ ቀጭ እስኪል ትሰካለህ፣ እሱንም ትስባለህ፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለህ። ዞረህ ስትጨርስ መቆጣጠሪያ ፓነሉ ላይ ላለው ልጅ አውራ ጣትህን ታሳየዋለህ። ፓነሉ ላይ ለእያንዳንዱ ወንበር አንድ መብራት አለ፤ አንዱ እንኳ አረንጓዴ ካልሆነ ወንበሮቹ ከመሬት አይነሱም።

በዚያ ዙር አንድ የእኛ ሰው ቤተሰብ ገባ። አባት፣ ወንድ ልጅ፣ ሴት ልጅ። እናትየው ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ የሁሉንም ቦርሳና ስልክ ታቅፈው መውጫው ጋ ቆመዋል። አባትየው ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ደልደል ያሉ ሰው ናቸው። ደረቴ ላይ ያለውን ስም አነበቡና ፊታቸው በራ።

«የእኛው ነህ እንዴ?»

«አዎ ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ።»

«በል እንግዲህ በአንተ እጅ ነን!» አሉ፣ ለልጆቻቸው እየጠቀሱ።

ማቀፊያውን ጫንኩት። ወረደ፣ ግን አልጠበቀም። ቀበቶውን ሳብኩት፤ መሰኪያው ጋ ሊደርስ ሁለት ጣት ቀረው። «ጋሼ፣ እስቲ ትንፋሽዎን ያውጡ» አልኳቸውና አንዴ ደግሜ በመዳፌ ጫንኩ። የተፈቀደልን ይሄው ነው፤ በጉልበት ተደግፎ ወይም በሰውነት ተንጠልጥሎ መጫን ክልክል ነው። በዚህ ጊዜ ማቀፊያው አንድ ጥርስ ወረደና መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ፓነል ላይ ያለው ልጅ አውራ ጣቱን አወጣልኝ።

ቀበቶው ግን አሁንም ሁለት ጣት ጎድሎታል።

«በራ አይደል? ልጁም ይሂድ እያለህ ነው» አሉኝ።

«ቀበቶው አልደረሰም ጋሼ።»

«ኧረ ተወው፣ በእጄ ጥርቅም አድርጌ እይዘዋለሁ።»

ሬዲዮው «እዚያ ምንድን ነው የምትጠብቁት?» አለ። ወንድ ልጃቸው «ዳድ፣ በቃ ውረድ» ብሎ ፊቱን አዞረ። ያኔ ሰውየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እኔ ብቻ እንድሰማ፣ «በልጆቼ ፊት? የአገሬ ልጅ ሆነህ?» አሉኝ።

ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ «ይቅርታ ጌታዬ» ብዬ በአንድ አፍታ እጨርሰው ነበር። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ሥራ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው የደረሰበት ነው፤ አገር ቤት ብንሆን ታክሲ ውስጥ ተነስቼ ወንበሬን የምለቅላቸው ሰው ናቸው። ሁለት እጄን ከራሴ በላይ አጣመርኩ። እኛ ጋ ይህ «ቁም» ማለት ነው፤ ማንም ሠራተኛ ካሳየው ፓነሉ ላይ ያለው ሰው ሳይጠይቅ ያቆማል። ማቀፊያዎቹ ሁሉ ተከፈቱ። ሰውየው «እሺ» ብቻ ብለው ወረዱ። ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው አጉረመረመ። እኔም ቀና ብዬ ሳላያቸው ወደሚቀጥለው ወንበር ሄድኩ። ልጆቹ ወጥተው ወረዱ።

እጄን እንዳጣምር ያደረገኝ ደፋርነት አይደለም። በየዓመቱ ሥራ ስንጀምር በሚሰጠን ሥልጠና የፍሎሪዳዋ ኦርላንዶ ጉዳይ ሳይነሳ አይቀርም። እዚያ በዲሴምበር 2021 የተከፈተ 131 ሜትር ገደማ የሚረዝም ማማ ነበር። በማርች 2022 አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከወንበሩ ወድቆ ሞተ። ምርመራው እንዳሳየው፣ የተቀመጠበት ወንበር ሴንሰር (የማቀፊያውን መዘጋት የሚለየው መሣሪያ) በእጅ ተስተካክሎ ማቀፊያው ከሚገባው እጥፍ ያህል ተከፍቶ እንኳ መብራቱ እንዲበራ ተደርጎ ነበር። ልጁ አምራቹ ካስቀመጠው የክብደት ጣሪያ በላይ ነበር። ቀበቶ ደግሞ አልነበረውም፤ ያለው ማቀፊያ ብቻ ነው። መብራቱ በርቷል፣ ማሽኑ ደህና ነው ብሏል። ማማው በ2023 ፈርሷል።

ለእረፍት ስወጣ ሰውየውን ፈልጌ አገኘኋቸው። ከባለቤታቸው ጋር ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ይቅርታ ጠይቄ ሳይሆን ሰላም ብዬ ነው የተቀመጥኩት፤ ይቅርታ ብል ጥፋት የሠራሁ ያስመስለዋል። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ የተናደደ ሰው ይጠይቀዋል ብዬ ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ፦ «ታዲያ መብራቱ ለምን በራ?»

መብራቱ የሚያየው ማቀፊያው የት ድረስ እንደወረደ ነው፣ ቀበቶውን የምናየው እኛ ነን፣ እኔ እዚያ የቆምኩትም ለዚያ ነው አልኳቸው። የኦርላንዶውንም ነገርኳቸው። ልጁ የወደቀው ወንበሩ ወደ ታች እየተወረወረ ሳለ ሳይሆን ፍሬኑ ሲይዝ መሆኑን ስነግራቸው ቀና አሉ። አገር ቤት ሳሉ ከባድ መኪና ይነዱ ነበር ለካ።

«ልክ ነው» አሉ። «ጭነት የሚንሸራተተው ስትነዳ አይደለም፣ ፍሬን ስትረግጥ ነው። ያላሰርከውን ጭነት የምታውቀው ያኔ ነው።»

የእኛ ሽማግሌ ሜካኒክ በሥዕልና በቀስት ሲያስረዳን የሚውለውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ባለቤታቸው «እሱ እኮ ሲናደድ ነው እንጂ ሲገባው ልጅ ነው» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ወሬው ወደ ማማዎች ዞረ፤ እሳቸውም እንደ ሁሉም ሰው «የትኛው ነው የሚብሰው?» አሉ። እኔ ከተሳፈርኩባቸው ሁሉ የማልረሳው ፍሎሪዳ ታምፓ፣ ቡሽ ጋርደንስ ያለውን ፋልከንስ ፊዩሪ ነው፤ በ2014 የተከፈተ፣ 102 ሜትር ገደማ የሆነ። ከእሱ የሚረዝምም ነበር፤ በዚያው ዓመት ኒው ጀርሲ ኪንግዳ ካ በተባለ የሐዲድ መጫወቻ (ሮለር ኮስተር) ላይ ተለጥፎ የተሠራው ዙማንጃሮ 126 ሜትር ነበር፣ በ2025 መጀመሪያ ላይ ኪንግዳ ካ በፈንጂ ሲፈርስ አብሮ ታሪክ ሆነ እንጂ። ፋልከንስ ፊዩሪ ግን ጫፍ ላይ ስትደርስ ወንበሩ ወደ ፊት ይገለበጥና ፊትህን ወደ መሬት ያዞርሃል። ከስርህ ወንበር የለም፣ የምታየው አስፋልት ብቻ ነው። ከዚያ ያቆይሃል። ያቺ ቆይታ ከመውደቁ ትብሳለች። ላስ ቬጋስ ደግሞ ከ1996 ጀምሮ ያለው ቢግ ሾት፣ ሐዲዱ 49 ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የቆመው ረጅም ሕንፃ አናት ላይ ስለሆነ ከመሬት 329 ሜትር ድረስ ያስወነጭፍሃል። ፍሎሪዳ ዲዝኒ ያለው ታወር ኦፍ ቴረር 60 ሜትር ገደማ ነው፣ እንደ ሊፍት የተሠራ ነው፤ ሞተሩ ወደ ታች ይጎትተዋል፣ መቼና ስንቴ እንደሚጥልህ ግን አይታወቅም፣ አጣጣሉ ይለዋወጣልና። ይህን ሁሉ ስዘረዝር እሳቸው ያሰቡት ሌላ ነው።

«እዚህስ እኔን የሚይዘኝ የቱ ነው?»

አጭሩን ማማ አሳየኋቸው። እዚያ ላይ ረዘም ያለ ቀበቶ ያላቸው የተለዩ ወንበሮች አሉ፤ መግቢያው ላይ ያለውን ሠራተኛ ከጠየቁት ያስቀምጥዎታል አልኳቸው። ወደ ሥራዬ ስመለስ ልጆቻቸውን አስከትለው ሲሄዱ አየሁ።

ሲመጡ ሸሚዛቸው በላብ ተጣብቋል። አጥሩ ጋ ቆመው፣ ወንበር እየፈተሽኩ ሳለሁ፣ «አንተ! ይሄ ትንሹ እኮ ነፍስ ያወጣል! መቀመጫዬ ተነስቶ አየር ላይ ቀረሁ!» ብለው ጮኹ። ወንድ ልጃቸው ረጅሙ ይበልጣል ብሎ ይከራከራል፤ ሴቷ ደግሞ ሁለቱንም ስለሞከረች ዳኛ ሆናለች፣ ለአባቷ ፈረደች። እኔም የምፈርደው ለእሳቸው ነው። ረጅሙ ላይ ያለው ፍርሃት ስትወጣ ያልቃል፤ ሲለቅህ መንሳፈፍ ብቻ ነው። አጭሩ ግን ሳታስበው ገፍቶ ይጥልሃል፣ መልሶ ያነሳሃል፣ እንደገና ይጥልሃል።

ማታ ሺፍት ሲያልቅ የዘገየንበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። አለቃው የከፋው በመዘግየቱ ነበር፤ የደህንነት ክፍሉ ግን ሪፖርቱን ሲያነብ የያዘው ሌላውን ነገር ነው፦ ሰውየው ወንበሩ እንደማይይዛቸው ያወቁት ያን ሁሉ ሰዓት ተሰልፈው፣ ልጆቻቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ ሕዝብ እያያቸው ነው። የሙከራ ወንበር አለን፤ ግን የቆመው መሳፈሪያው ደረጃ ጎን፣ ከኋላ፣ ማንም በማያየው ቦታ ነበር። እኔም ሪፖርቱ ግርጌ ይህንኑ ጽፌ ነበር።

አሁን የሙከራ ወንበሩ ያለው ሰልፉ መግቢያ ላይ፣ የልጆች ቁመት ከሚለካበት ሰሌዳ አጠገብ ነው። የሚፈልግ ሰው ሳይሰለፍ ተቀምጦ ቀበቶውን ራሱ ይሰካል፤ ካልደረሰለትም ማንም ሳይነግረው ተነስቶ ወደ አጭሩ ማማ ይሄዳል።