የሽቦው ንድፍ በማን እጅ ይቀራል?

የአሮጌ ፊልድ መኪና ሽቦ ሙሉ በሙሉ ይቀየር ሲባል ቀድሞ የሚነሳው የዋጋ ነገር ነው፤ በራስ ቢሠራ ይህን ያህል፣ ለባለሙያ ቢሰጥ ያን ያህል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሽቦ ከተዘረጋ በኋላ ከዓይን ይሰወራል፤ ከክሩስኮቱ ጀርባ፣ ከምንጣፉ ሥር፣ በሻሲው ጎን ይገባል። እንከኑ ብቅ የሚለው ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም መኪናው ከመንገድ ርቆ፣ ውሃ ተሻግሮ፣ ሲመሽ። ያን ጊዜ የትኛው ሽቦ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ የሚያውቀው ማነው? ለእኔ ምርጫው የሚወሰነው በዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት ሽቦው በእርግጥ ማለቁን ማየት ይገባል። ከፓውዛው ወይም ከኋላ መብራቱ ጫፍ አንዱን ሽቦ 5 ሴንቲሜትር ያህል ልጦ ማየት ብዙ ይናገራል። መዳቡ ቀላ ብሎ የሚያበራ ከሆነ ሽቦው ገና ነው። ከጠቆረ ወይም አረንጓዴ ከያዘ ዝገቱ በሽፋኑ ሥር ወደ ውስጥ ተጉዟል፤ እንዲህ ዓይነቱ ሽቦ ተርሚናል (የጫፍ ማያያዣ) ቢጨመቅበትም ሊድ ቀልጦ ቢፈስበትም በደንብ አይያዝም። ሽፋኑ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነም ዕድሜው አልቋል። ብዙ ጊዜ ግን ታማሚው የፋብሪካው ሽቦ አይደለም፤ ለቴፕ፣ ለተጨማሪ መብራት፣ ለሌባ መከላከያ እየተባለ በየጊዜው የተቀጠለው፣ ተጠምዝዞ በናስትሮ የታሰረው ነው። መጀመሪያ ያንን ነቅሎ የቀረውን መለካት ከብዙ ከንቱ ድካም ያድናል። ሁሉም ነገር ጠፍቶ፣ ሞካሪው አምፔር እንዲለካ ተደርጎ በባትሪው ኔጋቲቭ በኩል በተከታታይ ሲገባ፣ ኤሌክትሮኒክስ የሌለው አሮጌ መኪና ወደ ዜሮ የተጠጋ ንባብ ሊሰጥ ይገባል። ግማሽ አምፔር የሚያፈስ ቅጥያ ካለ ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪን በ5 ቀን ባዶ ያደርገዋል።

ሙሉ ሥራው የሚጀምረው በወረቀት ነው፤ ንድፍ የምለው ይህን ነው። ለእያንዳንዱ መስመር መነሻው፣ መድረሻው፣ ቀለሙ፣ ውፍረቱ፣ የሚወስደው አምፔርና የፊውዙ መጠን ይጻፋል። አምፔሩን ለማግኘት ዋቱን ለቮልቱ ማካፈል ነው፤ ባለ 60 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 5 አምፔር ይወስዳል። ቮልቱንም በግምት መያዝ አይቻልም፦ አንዳንድ የዲዝል ላንድክሩዘሮች ባለ 24 ቮልት ናቸው፣ የ12 ቮልት አምፖልና ሪሌ (በትንሽ አምፔር ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ቁልፍ) አይችላቸውም። የድሮዎቹ ላንድሮቨሮች ደግሞ እስከ እ.ኤ.አ. 1967 ገደማ ፖዘቲቫቸው ከሻሲ ጋር የታሰረ ነበር፤ ይህን ሳያዩ ዘመናዊ ዲናሞ ያሰረ ሰው ዳዮዶቹን ወዲያው ያቃጥላል።

ቀለም የራሱ ቋንቋ አለው። በእንግሊዙ የመኪና ኤሌክትሪክ ዕቃ አምራች በሉካስ አሠራር ቡናማ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ፣ ነጭ በመነሻ ቁልፍ የሚበራ፣ አረንጓዴ ከቁልፍ በኋላ በፊውዝ ያለፈ፣ ጥቁር ማሳ፣ ማለትም በሻሲው በኩል ወደ ባትሪው የሚመለሰው ነው። በቶዮታ ማሳው ጥቁር መስመር ያለው ነጭ ነው። የአንዱን ቀለም ለምዶ ሌላውን መኪና የሚነካ ሰው እሳት የያዘውን ሽቦ ከአካሉ ጋር ሊያስር ይችላል። በራሱ የሚሠራ ሰው ሽቦ የሚገዛው በፋብሪካው ቀለም ቢሆን ይሻላል። ሁሉንም በአንድ ቀይ ጥቅል መዘርጋት ርካሽ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ማንም አያነበውም።

አሮጌውን ጥቅል፣ ማለትም አንድ ላይ የታሰሩትን የመኪናውን ሽቦዎች፣ ቆራርጦ መጣል ትልቁ ስሕተት ነው። እያንዳንዱ ጫፍ ከመፈታቱ በፊት በሁለቱም በኩል ቁጥር ይለጠፍበታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ጥቅሉ ሙሉውን ወጥቶ ሰሌዳ ላይ ይዘረጋል። አዲሱ በእሱ ልክ ይቆረጣል፤ በየጫፉ 15 ሴንቲሜትር ትርፍ ይተዋል። ልኩ ያለው በአሮጌው ላይ ስለሆነ አዲሱ ታስሮ እስኪሠራ ድረስ አይጣልም።

አሁን ወደ ውፍረቱ። የመዳብ ሽቦ ለኤሌክትሪክ ያለው መከላከያ (ሬዚስታንስ)፣ ውፍረቱ አንድ ካሬ ሚሊሜትር ሲሆን፣ በየሜትሩ 0.0175 ኦም ገደማ ነው። የድሮ ፓውዛ መስመር ከባትሪ ተነስቶ በክሩስኮቱ፣ በመብራት ማብሪያው፣ ረጅምና አጭር በሚቀይረው ቁልፍ ዞሮ ወደ ፊት ሲመለስ 5 ሜትር ያህል ይሆናል። ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነና ሁለቱ ረጅም መብራቶች 10 አምፔር ከወሰዱ፣ በሽቦው ብቻ 0.6 ቮልት ገደማ ይጠፋል፤ ያረጁት የቁልፍ ምላሶች ሌላ ይጨምራሉ። አምፖል ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስበት ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ብዙ ሰው አምፖል እየቀያየረ የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ሪሌ ነው፦ ከባትሪው አጠገብ ካለ ፊውዝ በ4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ወደ ሪሌው 30 ቁጥር እግር፣ ከ87 ወደ አምፖሎቹ፣ 85 ወደ ማሳ፣ የድሮው የማብሪያ ሽቦ ወደ 86። አሮጌው ቁልፍ ከዚህ በኋላ የሚሸከመው የሪሌውን ጥቅልል ብቻ ነው፣ ከ0.2 አምፔር አይበልጥም። መንገዱ ወደ 2 ሜትር ሲያጥር በሽቦው የሚጠፋው ወደ 0.1 ቮልት ይወርዳል።

ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ አምፖሉን አይደለም። ቦታው ከባትሪው በ20 ሴንቲሜትር ውስጥ ነው፤ ከዚያ በላይ የራቀ ፊውዝ በእሱና በባትሪው መካከል ያለውን ሽቦ ያለ ጥበቃ ይተወዋል። ለግራና ለቀኝ ፓውዛ የየራሳቸው 10 አምፔር ፊውዝ እመርጣለሁ፤ አንዱ ሲበጠስ ሌላው መንገድ ያሳያል። ሞተሪኖው ፊውዝ ስለሌለው ወፍራሙ ገመድ ከሹል ብረትና ከጭስ ማውጫው መራቅ አለበት፤ ለዲዝል ሞተር ከ50 ካሬ ሚሊሜትር አላንስም። የዲዝሉ ማሞቂያ ካንዴላዎችም በባለ 4 ሲሊንደር፣ ባለ 12 ቮልት ሞተር 40 አምፔር ገደማ ስለሚወስዱ 10 ካሬ ሚሊሜትርና የራሳቸው ከባድ ሪሌ ያስፈልጋቸዋል።

ማሳው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከአሮጌ መኪና የመብራት ችግር አብዛኛው ያለው እዚህ ነውና። ፍሬቻ ሲሰጥ የኋላው መብራት አብሮ ብልጭ የሚል፣ ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻው የሚደክም ከሆነ አምፖሎቹ ጥሩ ማሳ አጥተው አንዱ በሌላው በኩል እየተመለሱ ነው። ላንድሮቨር ላይ አካሉ አሉሚኒየም፣ ሻሲው ብረት ስለሆነ እርጥበት ሲገባ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ይበላል፤ በአካሉ መተማመን አያዋጣም። ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሻሲ አንድ፣ ከሻሲ ወደ ሞተር ሌላ ወፍራም ገመድ ይታሰራል፤ ለፊትና ለኋላ መብራቶች ደግሞ ራሱን የቻለ የማሳ ሽቦ ወደ አንድ ብሎን ይሰበሰባል። ቀለሙ እስከ ብረቱ ተፍቆ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ገብቶ፣ ከጠበቀ በኋላ በላዩ ግሪስ ይቀባል። የሞተሩ ማሳ ከላላ ሞተሪኖው በሚነሳበት ጊዜ አምፔሩ የጋዝ ካቦን ወይም የእጅ ፍሬን ካቦን መንገድ ያደርግና ካቦው ይግላል። መለኪያው ቀላል ነው፦ መብራቱ በርቶ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ አምፖሉ ማሳ ያለው ልዩነት ከ0.1 ቮልት መብለጥ የለበትም፤ በፖዘቲቩ በኩል ከ0.5 በታች ይሁን። ሽቦ ብልጭታ ማሳየቱን ብቻ መሞከር ግን አይበቃም፤ ከብዙ ክሮቹ አንዱ ብቻ የቀረው ሽቦ ያለ ጭነት 12 ቮልት ያሳያል።

ማያያዣው በትክክለኛ መጨመቂያ፣ ልኩ እስኪሞላ በማይለቅ ባለ ጥርስ ዓይነት ይጨመቃል። በተራ ፒንሳ የተጨፈለቀ ተርሚናል ሲጎተት ይወጣል፤ ጎትቶ መሞከር ነው። ሊድ ጥሩ ነገር ቢሆንም በሽቦው ክሮች መካከል ሽቅብ ይሳባል፤ የደረቀበት ጫፍ በመኪናው መንቀጥቀጥ ይበጠሳል። ሽቦዎቹ ብረት የሚያልፉበት ቀዳዳ ሁሉ ጎማ ይግባበት። ሽፋኑም ታች በኩል ውሃ መውጫ ይተውለት፤ ሙሉ በሙሉ የታሸገ ቱቦ ውሃውን ይይዛል እንጂ አያስቀርም። ርካሹን ሽቦ ሲገዙ አንድ ክር በምላጭ ፋቅ አድርጎ ማየት አይቅር፤ ውስጡ ብርማ ከሆነ በመዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ መከላከያው ከፍ ያለ፣ ጉልበቱ የላላ ነው።

ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። በክሩስኮቱ ላይ ያለው የድሮ አምፔር መለኪያ ከሞተሪኖው በቀር የመኪናውን ጠቅላላ ኃይል በውስጡ ያሳልፋል፤ 22 አምፔር የሚሰጠው አሮጌ ዲናሞ በ60 ወይም በ100 አምፔር ዲናሞ ከተተካ መለኪያው ወጥቶ ቮልት መለኪያ ይግባ፤ ያ ቦታ እሳት ያስነሳል። ሁለተኛው የቻርጅ መብራቷ ናት። ዲናሞውን የምታነቃቃው በእሷ በኩል የሚሄደው ትንሽ አምፔር ስለሆነ፣ ስትቃጠል ወይም ያለ ሬዚስተር በኤልኢዲ ስትተካ ዲናሞው ላይጀምር ይችላል።

ሁሉም ታስሮ ባትሪው ሲገናኝ ልብ መምታቱ አይቀርም። ለዚህ በባትሪው ፖዘቲቭና በአዲሱ ሽቦ መካከል ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል በተከታታይ ማስገባት እወዳለሁ። ሁሉም ነገር ጠፍቶ አምፖሉ በሙሉ ብርሃን ከበራ አንድ ቦታ ሾርት አለ፤ የሚያልፈው ግን ከ1.75 አምፔር ስለማይበልጥ የሚቃጠል ነገር የለም። መስመሮቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ አምፖሉ የሚጠፋበትን መፈለግ ነው። በሥራው ሁሉ ባትሪው ሲፈታ ከሻሲ ጋር የታሰረው ጫፍ (አብዛኛውን ጊዜ ኔጋቲቩ) ይቅደም፣ ሲታሰር ይከተል፤ ቀለበትና ሰዓትም ይውለቁ።

ይህ ሁሉ ትዕግሥት ላለው ሰው ይቻላል፤ ተራ ሞተር፣ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ ብቻ ያለው መኪና መስመሮቹ ጥቂት ናቸው። በኮምፒውተር የሚመራ ሞተር ለተገጠመበት ግን ለባለሙያ እሰጣለሁ፤ እዚያ የሴንሰር ማሳ ከሞተሪኖ ማሳ ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣው በሽታ ለማግኘት ይከብዳል። መኪናው ነገ ሥራ ላይ መዋል ካለበትም ጊዜ የሌለው ሰው ክሩስኮቱን ባይከፍት ይሻላል፤ ግማሽ ተፈትቶ የቆመ ጥቅል ከአሮጌው ይብሳል።

ባለሙያ ሲመረጥ ብልሽት ማግኘትና ጥቅል መሥራት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን ማስታወስ ደግ ነው። አንዱ በደቂቃ ሾርት አግኝቶ፣ የራሱን ጥገና ግን ጠምዝዞ በናስትሮ ሊያስር ይችላል። ከዋጋው በፊት የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ በምን ይጨምቃል፣ በስንት ቀለም ይሠራል፣ ንድፉን በወረቀት ይሰጣል ወይ። ሦስተኛውን እንቢ ካለ ሥራውን አልሰጠውም፤ ተሠርቶ የተሸፈነ ሽቦን ያለ ንድፍ መረከብ ዘወትር ወደ እሱ መመለስን መቀበል ነው። መካከለኛውም መንገድ መልካም ነው፦ ንድፉንና የአካሉን መስመሮች ራስ ሠርቶ፣ ከባትሪ ወደ ሞተሪኖና ዲናሞ ያለውን ወፍራም ገመድ በሃይድሮሊክ መጨመቂያ ለሚሠራ ሰጥቶ፣ በመጨረሻ ከመሸፈኑ በፊት ሁሉንም በሌላ ዓይን ማስመርመር። ንድፉ በሁለት ቅጂ፣ አንዱ ቤት፣ አንዱ በፕላስቲክ ታሽጎ ከመኪናው ፊውዝ ሳጥን አጠገብ፣ ከሁለት ትርፍ ሪሌና ከየመጠኑ ከ3 ፊውዝ ጋር ይቀመጣል፤ አንድ ሽቦ በተቀየረ ቁጥርም ሁለቱም በዚያው ቀን ይታረማሉ።