አርባ እና አርበዓ

አረብኛ ልማር ካይሮ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ናስር ሲቲ ውስጥ አንድ የፉል ጋሪ ጋ ቆምኩ። ሁለት ሳንድዊች በጣቴ አሳየሁ። ሻጩ «አርበዓ ጊኔ» አለኝ። ጊኔ የግብፅ ገንዘብ ነው። እኔ የሰማሁት «አርባ» ነበርና ሁለት ሃያ ሃያ አውጥቼ ሰጠሁት። ሰውዬው አንዱን ሃያ መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠ፣ ከሌላው ላይ መልስ ቆጥሮ ሰጠኝ። ከዚያ አራት ጣቱን ዘርግቶ «አርበዓ፣ ያብኒ» አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው።

የእነሱ አርበዓ አራት፣ ኸምሳ አምስት፣ ሰብዓ ሰባት፣ ታማንያ ስምንት ነው። እኛ ጋ ሁሉም አስር እጥፍ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ሙሉ አፌን አልከፈትኩም ማለት ይቻላል። ቤት የተከራየሁት ከአገሬ ልጆች ጋር ነበር። ሽሮ እንሠራለን፣ በአማርኛ እንጫወታለን፣ አስቤዛ የሚገዛልን አረብኛ የሚችለው ልጅ ነው። በጣም የምወዳቸው ልጆች ናቸው። ግን ክፍል ውስጥ ኡስታዙ ሲጠይቀኝ መልሱን እያወቅኩ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። መሳሳት ፈራሁ። በአምስተኛው ወር ከአንድ ኢንዶኔዥያዊ ተማሪ ጋር ተዳብዬ ገባሁ። የጋራ ቋንቋችን አረብኛ ብቻ ነበር። ጨው ለመጠየቅም መናገር ግድ ሆነ። ለምትሄዱ ሁሉ ይህን ከመጀመሪያው ወር አድርጉት እላለሁ።

ሌላው ያገዘኝ ፊደላችን ነው። ልጅ ሆኜ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለምን እንደተለያዩ ማንም አልነገረኝም። አማርኛችን ድምፃቸውን አንድ አድርጎታል፤ አረብኛ ግን ሦስቱንም ለይቶ ይጠራል። ደብተሬ ላይ ቃላቱን በሐ፣ በኀ፣ በዐ እየለየሁ መጻፍ ጀመርኩ። ዐይን እነሱም ዐይን ነው የሚሉት፤ ዐ ግን ከጉሮሮ ይወጣል። ዳቦንም «ዔሽ» ይሉታል፣ ሕይወት እንደማለት ነው። ዳቦ ቤቱ በር ላይ በየጠዋቱ ዐን እለማመድ ነበር። ክፍል የተማርኩት «ቀህዋ»፣ ቡና ማለት ነው፣ ደግሞ መንገድ ላይ «አህዋ» ነው፤ ስለዚህ የመጽሐፉንና የመንገዱን አረብኛ ጎን ለጎን መያዝ ያስፈልጋል።

ናፍቆት ሲበረታብኝ አል-አዝሀር መስጂድ ሄጄ እቀመጣለሁ። ድሮ እዚያ ከኛ አካባቢ ለሚመጡ ተማሪዎች የጀበርት ሪዋቅ የሚባል ማደሪያ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ከእነሱ የተወለደ ነው። ያኔ ቤተሰብን በስልክ ማግኘት አልነበረም። ይህን ሳስብ እበረታለሁ።

የፉል ሻጩን «ያ ዐም» ማለት ለመድኩ፤ እንደኛ ጋሼ ነው። እሱም ሲያየኝ አራት ጣቱን ይዘረጋልኛል። በዘጠነኛው ወር አንድ ጠዋት አምስት ዘረጋ። «ኸምሳ» አለ። ለምን ጨመረ አልኩት። ዘይቱን፣ ባቄላውን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት እየዘረዘረ ረጅም ወሬ አወራኝ። አንድም ቃል አላመለጠኝም። ሳንድዊቼ እስኪቀዘቅዝ ቆሜ ሰማሁት።