«ኤችዲኤምአይ ወደ ዲስፕሌይ ፖርት» የሚባል ኬብል ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ይሄን አንብቡ

ዋናውን ነገር በቅድሚያ ልበለው፣ የቸኮለ ሰው ይቺን አንብቦ ይሂድ። ላፕቶፓችሁ ላይ ያለው የምስል መውጫ ኤችዲኤምአይ ሆኖ ሞኒተራችሁ የሚቀበለው ዲስፕሌይ ፖርት ከሆነ፣ በአንድ ጫፉ ይሄ በሌላው ጫፉ ያ ያለው ተራ ኬብል አይሰራላችሁም። ሻጩ ቢምልላችሁም አይሰራም።

ስራዬ ሂሳብ ነው፣ ድሬ ውስጥ ለነጋዴዎች መዝገብ እይዛለሁ። ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራም የነካካ ሰው ይገባዋል፣ ፒችትሪው ተከፍቶ፣ ኤክሴሉ ተከፍቶ፣ የባንክ ስቴትመንቱ ተከፍቶ፣ ይሄን ሁሉ በአንዲት የላፕቶፕ ስክሪን እየቀያየሩ መስራት በግብር ሰሞን ያሳብዳል። ስለዚህ እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄጄ ሁለት ያገለገሉ ዴል ሞኒተሮች ገዛሁ፣ ከቢሮ የወጡ ናቸው፣ ሙሉ ኤችዲ፣ ጭረት የላቸው ምን የላቸው፣ በነሱ እስካሁን ደስተኛ ነኝ። ከኋላቸው ቪጂኤ፣ ዲቪአይ እና ዲስፕሌይ ፖርት የሚባሉ መሰኪያዎች አላቸው፣ ኤችዲኤምአይ ግን የለም። ለቢሮ የተሰሩ ብዙዎቹ እንደዚህ ስለሆኑ እዛው ገበያው ላይ አዙራችሁ ጀርባቸውን እዩ።

የመጀመሪያው ሞኒተር ምንም አላስቸገረኝም። የላፕቶፔ ታይፕ ሲ አጠገብ የዲስፕሌይ ፖርት ምልክት አለ (ዲ እና ፒ የተጣበቁበት ትንሽ ስዕል)፣ ከታይፕ ሲ ወደ ዲስፕሌይ ፖርት የሚሄድ ኬብል ሰካሁ፣ መጣ። ምልክት የሌለው ታይፕ ሲ ለቻርጅና ለፋይል ብቻ ሊሆን ስለሚችል ሳታረጋግጡ ብር አታውጡ። ከዛ የዊንዶውስ ቁልፍንና የ«P» ፊደልን አንድ ላይ ተጭናችሁ ኤክስቴንድ የሚለውን መምረጥ ነው፣ አለቀ።

መከራው ሁለተኛው ላይ ነው። የቀረኝ ፖርት ኤችዲኤምአዩ ብቻ ነው። አንድ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁና «ከላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ ወደ ሞኒተር ዲስፕሌይ ፖርት» አልኩት፣ ከየት ወደ የት እንደሆነ በእጄ ጭምር እያሳየሁ። «አለ አቦ፣ ይኸው» ብሎ ጥቁር ኬብል ከነላስቲኩ ሰጠኝ።

ቤት መጥቼ ስሰካው ሞኒተሩ ላይ ሲግናል የለም የምትል ሳጥን ወዲህ ወዲያ ስትንሳፈፍ ቆይታ ጠፋች፣ የማብሪያዋ መብራት ብርቱካንማ ሆነች። ነቀልኩ ሰካሁ፣ ሪስታርት አደረግኩ፣ መብራት ጠፋ መጣ፣ የግራፊክስ ድራይቨር እየተቆራረጠ ወረደ፣ ዊንዶውስ ግን እንኳን ምስል ሊልክ ሞኒተር መሰካቱንም አያውቅም።

ይዤው ተመለስኩ። ሰውዬው ምንም ሳይደነግጥ «እንሞክረዋ» አለ፣ ኬብሉን ከጠረጴዛው ስር ካለው ዴስክቶፕ ጀርባ ሰካው፣ ሌላውን ጫፍ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቲቪ ላይ፣ የዴስክቶፑ ስክሪን ቲቪው ላይ ቁልጭ ብሎ መጣ። «አየህ አይደል ወንድሜ? ኬብሉ ምንም አልሆነም፣ ላፕቶፕህን አሳየው»። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሁሉ አዩኝ፣ አጭበርባሪ መስዬ ወጣሁ።

ላፕቶፑን አሳየሁታ። ቴክኒሻኑ ገና ሳይከፍተው «የግራፊክስ ቺፑ ተነክቷል፣ ማዘርቦርዱ መሰራት አለበት» አለኝ። እሺ፣ ቤት ያለው ቲቪዬ ላይ በዚሁ በኤችዲኤምአይ ስሰካው ለምን ይሰራል? «ቲቪ ሌላ ነው» አለኝ። ምኑ ነው ሌላው? ኧረ አቦ! የደንበኞች ሂሳብ ያለበትን ላፕቶፕ በግብር ሰሞን ለዚህ ሰው ትቼ ብመጣ ኖሮ ዛሬም ማዘርቦርድ እየጠበቅኩ ነበር።

ነገሩ የበራልኝ ማታ ቬንትሌተር ስር ተቀምጬ ኬብሉን እያገላበጥኩ ነው። ሰውዬው ሲሞክረው ኮምፒዩተሩ ላይ የሰካው ዲስፕሌይ ፖርቱን ነው፣ ቲቪው ላይ ኤችዲኤምአዩን። የኔ ተቃራኒው ነው! የኬብሉ ጤንነት ማስረጃ ብሎ ያሳየኝ ራሱ ለኔ እንደማይሆን ማስረጃ ነበር።

ገብቼ ሳነብ ነገሩ እንዲህ ነው። ኤችዲኤምአይን እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ሶኒ፣ ፓናሶኒክ፣ ፊሊፕስ፣ ቶሺባን የመሳሰሉ የቲቪ ሰዎች ናቸው፣ ምስሉ የሚሄድበትን መንገድ የወሰዱትም ከ1999ኙ ዲቪአይ ነው። ዲስፕሌይ ፖርት ደግሞ በ2006 ቬሳ የሚባለው የኮምፒዩተር ስክሪን ደረጃ አውጪ ማህበር ያመጣው ነው፣ መረጃውን እንደ ኔትወርክ በፓኬት እየቆራረጠ ነው የሚልከው። ሁለቱ አይግባቡም። ግን ኮምፒዩተር ላይ ያለ ዲስፕሌይ ፖርት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ድሬ ልጅ ከአንድ ቋንቋ በላይ ይችላል፣ ርካሹ ኬብል ሲሰካበት አውቆ በኤችዲኤምአይ ቋንቋ ማውራት ይጀምራል፣ ኬብሉ የሚሰራው የቮልቴጁን መጠን ማስተካከል ብቻ ነው። ኤችዲኤምአይ ግን የራሱን እንጂ የዲስፕሌይ ፖርትን አያውቅም፣ ሞኒተሩም ኤችዲኤምአይ አይሰማም። በዚያ አቅጣጫ ለመሄድ መሀል ላይ የሚተረጉም ቺፕ ያለው ኮንቨርተር ያስፈልጋል፣ እሱም ብዙውን ጊዜ ለፓወር ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ጭራ አለችው። ጭራዋን ካላያችሁ ተጠራጠሩ።

በጣም የሚያናድደኝ ላስቲኩ ነው። በደቃቁ ዲስፕሌይ ፖርት ቀድሞ ኤችዲኤምአይ ተከትሎ ተጽፏል፣ በቃ፣ መላው ማስጠንቀቂያ እሱ ነው። አንዲት ቀስት ማተም ስንት ያስወጣል? በአንድ በኩል ብቻ የሚሰራ ዕቃ ሁለቱም ጫፉ እኩል እንደሚሰራ አስመስሎ መሸጥ በኔ ቤት ማታለል ነው፣ ፋብሪካውም ሻጩም። ተመልሼ ይሄን ሳስረዳው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ወረቀት በአገጩ ጠቆመኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 የሚባል ነገር አለ ስለው ሳቀ። ብሩ ያን ያህል አይደለም፣ ሳቁ ነው ያቃጠለኝ።

መፍትሄው ደግሞ ሞኒተሩ ጀርባ ላይ ተቀምጦ ነበር። ያ ሰፊው፣ ሁለት ብሎን ያለው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ዲቪአይ። ኤችዲኤምአይ ከሱ የተወለደ ስለሆነ ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲቪአይ የሚሄድ ኬብል ቺፕም ጭራም አያስፈልገውም፣ በሁለቱም አቅጣጫ ይሰራል፣ ሙሉ ኤችዲን በ60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ምስል) ያለ ችግር ይሸከማል። በዚህ መንገድ ድምፅ አይመጣም፣ ለፒችትሪ ድምፅ ምን ያደርጋል። ሰካሁት፣ ወዲያው መጣ፣ ማዘርቦርዱም ሳይሰራ! «ዲቪአይ ጊዜው አልፎበታል» የሚሏችሁን አትስሙ፣ ያገለገለ ሞኒተር የምትገዙ ከሆነ ዲቪአይ ያለውን ምረጡ።

ስለ ቪጂኤም አስተያየቴ እንደዛው ነው። ቺፕ አምራቾቹ እነ ኢንቴልና ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ቪጂኤን እስከ 2015 ከዕቃዎቻችን እናወጣለን ብለው አውጀው ነበር፣ ድሬ ላይ ግን ዛሬም ፕሮጀክተሩም ሞኒተሩም እሱ ነው። ፊደሉ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ሞኒተሩ ላይ አውቶ አድጀስት ስትሉት ይስተካከላል፣ ለቁጥር ስራ በቂ ነው። ግን ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የምትሄደዋ አዳፕተርም ውስጧ ቺፕ አለ፣ ትግላለች፣ በኛ ሙቀት ላፕቶፕ ስር ተጨፍልቃ እንዳትውል።

ማክ ያላችሁ ደግሞ በአንድ ታይፕ ሲ ለሁለት ሞኒተር የሚያካፍል ሀብ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ኤምኤስቲ በሚባለው የሚሰራ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ሁለት የተለያየ ስክሪን ይሰጣል፣ ማክ ላይ ግን ሁለቱም አንድ አይነት ምስል ነው የሚያሳዩት።

ፎርኬ (ከሙሉ ኤችዲ በላይ የጠራ ስክሪን) ያማራችሁ ካላችሁ የላፕቶፓችሁን የኤችዲኤምአይ ቁጥር አጣሩ። 1.4 ከሆነ ፎርኬን በ30 ኸርዝ ብቻ ነው የሚያወጣው፣ ማውሱ እየተጎተተ ነው የሚከተላችሁ፣ ለ60 ኤችዲኤምአይ 2.0 ወይ ዲስፕሌይ ፖርት 1.2 ይፈልጋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ለሂሳብ ስራ ሁለት ሙሉ ኤችዲ ከአንድ ፎርኬ ይሻላል።