ስድሳ ምዕራፍ፦ የስብከት ልምምዴ ስምንተኛ ወር

ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሁለት አንጋፋ ፓስተሮች እግር ሥር ስብከት መማር ከጀመርሁ ስምንት ወር ሞላኝ። ልምምዱ ረቡዕ ማታ በቤት ኅብረት ነው። አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች ጋቢያችንን ተከናንበን እንቀመጣለን፤ እኔ እሰብካለሁ፤ ከዚያ ሻይ እየተጠጣ እገመገማለሁ። (የከተማችን ብርድ ረጅም ስብከት አይወድም።)

የመጀመሪያው ስብከቴ 52 ደቂቃ ፈጀ። ትልቁ ፓስተር፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ በስልካቸው ቀድተውኝ ኖሮ መልሰው አሰሙኝ። «አሜን?» ያልሁት 31 ጊዜ ነው። ሕዝቡን የማነቃቃ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ የሚቀጥለው ሐሳብ እስኪመጣልኝ የምደገፍበት ምርኩዝ ኖሯል።

በወረቀት ጉዳይ ሁለቱ መምህሮቼ አይስማሙም። ጋሼ ሁሉን ጻፍ ይላሉ፤ ሌላው ደግሞ ወረቀት የሚያይ ሰባኪ ሰው አያይም ባይ ናቸው። እኔ ቤቴ ሁሉን እጽፍና ግማሽ ገጽ ብቻ ይዤ እወጣለሁ።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ግን ከፓስተሮቹ አይደለም። ሉቃስ 24ን፣ ከኢየሩሳሌም «ስድሳ ምዕራፍ ያህል» ወደሚርቅ ኤማሁስ የሚሄዱትን ሁለት መንገደኞች ስሰብክ አንዲት እማማ «ልጄ፣ ስድሳ ምዕራፍ እያነበቡ ነው እንዴ የሄዱት?» አሉኝ። ሰው ፈገግ አለ። ጋሼ ግን ፈገግ አላሉም፤ «አንተስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። አላውቅም ነበር። አንብቤው አልፌአለሁ።

በ1954 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ እዚህ ቦታ «ምዕራፍ» የርቀት ልክ ነው፤ ግሪኩ ስታዲዮን ይለዋል። አንዱ 185 ሜትር ያህል ስለሆነ ስድሳው 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ከእኛ ከተማ ተነሥቶ ወደ ጫጫ ለሚሄድ ግማሽ መንገድ ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ክፍሉን እንደገና ሳነበው ሌላ ሆነብኝ። መንገደኞቹ፣ መንገድ ላይ የተቀላቀላቸውን እንግዳ «መሽቷል፣ እደር» ብለው የለመኑት ናቸው። ከሞት የተነሣው ጌታ ኢየሱስ መሆኑን ሲያውቁ ግን በዚያችው ሰዓት ተነሥተው ያን ሁሉ መንገድ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ። ለካስ ስብከቱ የነበረው በመልስ ጉዟቸው ላይ ነው!

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደገምሁት፤ 27 ደቂቃ። ጋሼ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ፣ ስብከቱን የሚጠቀልል አንድ ዓረፍተ ነገርም ተገኘ፦ አዝነው በቀን የሄዱበትን መንገድ ደስ ብሏቸው በሌሊት ተመለሱበት። እማማ እስከ መጨረሻው አዳምጠው «በአገራቸው ጅብ የለም?» አሉ። ያችን ጥያቄ ለእሑድ መድረክ ይዣታለሁ።

ያልተፈታው ችግሬ አጨራረስ ነው። «በመጨረሻም» እላለሁ፣ ከዚያ ሁለት ዙር እዞራለሁ። አሁን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አስቀድሜ እንድጽፍ ታዝዣለሁ። የሚቀጥለው ክፍሌ የሐዋርያት ሥራ 20 ነው፤ ጳውሎስ ነገሩን ሲያስረዝም አውጤኪስ የሚባል ጎበዝ እንቅልፍ ወስዶት ከሦስተኛው ደርብ የወደቀበት። የመረጡልኝ ጋሼ ናቸው፤ ለምን እንደ መረጡት አልጠየቅሁም።