ዲስክ ክሎን ከተደረገ በኋላ ዊንዶውስን መልሼ አክቲቬት ያደረግሁት እንዲህ ነው

አራት ኪሎ ባለ አንድ ቢሮ ሦስት ኮምፒውተሮችን ከ500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) አዛወርኩ። ሦስቱንም ክሎን ያደረግሁት፣ ማለትም ዲስኩን ከነዊንዶውሱ እንዳለ የገለበጥሁት፣ በአንድ መንገድ ነው። ሲነሱ ግን አንዱ ላይሰንሱ (ዊንዶውሱን አክቲቬት የሚያደርገው ፈቃድ) ንቅንቅ አላለም፣ ሁለተኛው ጣለው፣ ሦስተኛው ደግሞ ድሮም አልነበረውም። ጥፋቱ የዲስኩ አይደለም። የዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 ዲጂታል ላይሰንስ በዋናነት የሚታሰረው ከማዘርቦርዱ (ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ጋር ነው፤ ዲስክ ብቻ ሲቀየር አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም።

ስለዚህ ብሎን ከመፍታት በፊት የሚታየው የላይሰንሱ ዓይነት ነው። የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር ተጭኜ በሚመጣው ሳጥን ውስጥ በላቲን ፊደል ኤስ ኤል ኤም ጂ አር፣ ክፍተት፣ ስላሽ፣ ዲ ኤል አይ እጽፋለሁ። ትንሽ ቆይቶ የሚመጣው መስኮት ሪቴይል (ለብቻው የተገዛ)፣ ኦኢኤም (ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ) ወይም ቮልዩም (ለድርጅት በጅምላ የተሰጠ) የሚል ቃል ይዟል። በዲ ኤል አይ ፋንታ ኤክስ ፒ አር ሲጻፍ ደግሞ አክቲቬሽኑ ቋሚ መሆኑን ወይም የሚያበቃበትን ቀን ይናገራል። ሁለቱንም በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው።

ክሎኑን ክሎንዚላ በሚባል ዲስክ ገልባጭ ፕሮግራም ሠራሁት። ፕሮግራሙ በተለመደው አሠራሩ አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው እኩል ወይም የሚበልጥ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ሜክሲኮ አካባቢ ሱቆች ውስጥ «ያው ነው» ተብሎ የሚሰጠው 480 ጊጋ ለ500 አይሆንም። 512 ገዛሁ። ቢትሎከር (ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ) ካለ አስቀድሞ ይጠፋል፤ ካልጠፋ ክሎኑ ሲነሳ 48 አኃዝ ያለውን የማገገሚያ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ኮምፒውተሩ የሚዘጋው ሺፍት ተይዞ ነው፣ አለዚያ ዊንዶውስ ለፈጣን መነሻ ሲል በከፊል ይተኛና ክሎንዚላ ፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍል) አልነካም ይላል። 180 ጊጋ ዳታ አንድ ሰዓት ገደማ ወሰደ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ዴስክቶፑን ግን ያለ ዩፒኤስ አልጀምረውም፣ መብራቱ መቼ እንደሚሄድ ማን ያውቃል። ሲያልቅ አሮጌው ዲስክ ከነኬብሉ ይወጣል። ሁለቱ አብረው ከተሰኩ መለያቸው አንድ ስለሆነ የተነሳው የትኛው እንደሆነ ያምታታል።

የመጀመሪያው ላፕቶፕ ኦኢኤም ነበር፤ የላይሰንሱ ቁልፍ ባዮሱ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው መነሻ ፕሮግራም) ውስጥ ስለተቀመጠ ምንም አላስቸገረም ማለት ይቻላል። ያስቸገረው ሰዓቱ ነው። ላፕቶፑ ሲፈታ ባትሪው ስለተነቀለና የባዮሷ ክብ ባትሪ ስለደከመች ቀኑ ወደ ኋላ ሄደ። ያስተካከለው ሰው ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር 2017 ብሎ ሞላው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ስለሆነ የማይክሮሶፍት ሰርተፍኬት ገና ያልተሰጠ መስሎ ታየውና 0ኤክስ80072ኤፍ8ኤፍ የሚል ስህተት አወጣ። ዓመቱን አርሜ የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ አደረግሁት፤ አለቀ። ባትሪዋን በአዲስ ሲአር2032 መቀየር ግን አይቀርም።

ሁለተኛው ዴስክቶፕ ሪቴይል ላይሰንስ ነበረው፤ ዲስኩ ብቻ ሳይሆን ማዘርቦርዱም ተቀይሯል። እዚህ ሁለት ነገር አስቀድሜ አደረግሁ። አንደኛው አሮጌው ቦርድ እየሠራ ሳለ ላይሰንሱን ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ማያያዝ ነው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አክቲቬሽን ውስጥ «ከማይክሮሶፍት አካውንትዎ ጋር በተያያዘ ዲጂታል ላይሰንስ» የሚል ትርጉም ያለው መስመር ካልታየ አልተያያዘም። ሁለተኛው ለኮምፒውተሩ የሚታወቅ ስም መስጠት ነው፤ «ሂሳብ ክፍል 1» ዓይነት። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ጥቅሟ ኋላ ይመጣል።

አዲሱ ኤስኤስዲ ኤንቪኤምኢ ስለሆነ መጀመሪያ ሰማያዊ ስክሪን መጣ፦ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ»። ኤንቪኤምኢ ከአሮጌው ሳታ የተለየ የዲስክ ማገናኛ ነው፤ ዊንዶውሱ ከሳታ ዲስክ መነሳት ስለለመደ የኤንቪኤምኢውን ድራይቨር (የሚያሠራውን ፕሮግራም) ሲነሳ አይጭነውም። አሮጌውን ዲስክ መልሼ አስነስቼ በኤምኤስ ኮንፊግ (የዊንዶውስ አነሳስ ማስተካከያ) ቡት ገጽ ላይ ሴፍ ቡትን፣ ማለትም በሴፍ ሞድ መነሳትን፣ መረጥሁና ክሎኑን ደገምሁ። በሴፍ ሞድ አንዴ ከተነሳ በኋላ ምርጫውን አንስቼ ሪስታርት ሳደርገው ገባ። በሴፍ ሞድ ፒን ላይሠራ ስለሚችል ፓስወርዱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ የጠበቅሁት መጣ፦ 0ኤክስሲ004ኤፍ211፣ ማለትም ሃርድዌሩ ተቀይሯል። በአድሚን ተጠቃሚ ሆኜ በዚያው አካውንት ገባሁ። አክቲቬሽን ገጽ ላይ ትራብልሹት፣ ቀጥሎ «በቅርቡ ሃርድዌር ቀይሬያለሁ» የሚለው ይመረጣል። የኮምፒውተሮች ዝርዝር ሲመጣ ስሙን ያልቀየረ ሰው «ዴስክቶፕ» ከሚል ቃልና ከተዘበራረቁ ፊደላት በቀር የሚያየው የለም። የእኔ በስሙ ተቀምጦ ነበር፤ «አሁን የምጠቀምበት ይህ ነው» የምትለውን ሳጥን ምልክት አድርጌ አክቲቬትን ተጫንሁ። ለዚህ የስልክ ሆትስፖት ይበቃል፤ ግንኙነቱን ሜተርድ (ዳታው የሚቆጠር) ማድረግ ግን አይረሳ፣ አለዚያ ዊንዶውስ ድራይቨርና አፕዴት እያወረደ ፓኬጁን ይበላዋል። ላይሰንሱ ኦኢኤም ቢሆን ኖሮ ከአሮጌው ቦርድ ጋር ይቀር ነበር።

ሦስተኛው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፣ የተሳሳትሁትም እዚህ ነው። ሴቲንግስ «አክቲቬትድ» ስላለኝ ዲ ኤል አዩን ዘለልሁት። ክሎኑ ተነሳ፣ ሁሉም ደህና መሰለ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ 0ኤክስሲ004ኤፍ074 የሚል የአክቲቬሽን ስህተት መጣ። ያኔ ስመለከተው ቮልዩም፣ ኬኤምኤስ ክላየንት ይላል። ኬኤምኤስ ኮምፒውተሮች ከድርጅቱ ሰርቨር አክቲቬት የሚሆኑበት የድርጅት አሠራር ነው፤ አንዴ አክቲቬት የሆነ ኮምፒውተር 180 ቀን ይቆያል፣ በየ7 ቀኑም ሰርቨሩን ፈልጎ ጊዜውን ለማደስ ይሞክራል። ላፕቶፑ ላይ ሰርቨር መስሎ የሚሠራ ክራክ (ሕገወጥ ማለፊያ ፕሮግራም) ተጭኖ ነበር፤ አንቲቫይረሱ አነሳው፣ የቀረው ቀን ተቆጥሮ አለቀ። ክሎን ማድረግ ይህንን አያጠራም፣ እንዳለ ይቀዳዋል።

ባዮሱ ውስጥ ግን እውነተኛ ቁልፍ ነበር፤ የሆም ቁልፍ። ሆምና ፕሮ የተለያዩ የዊንዶውስ እትሞች ናቸው፤ የተጫነው ፕሮ ስለሆነ አይገጥምለትም፣ ከፕሮ ወደ ሆም ደግሞ ቁልፍ በማስገባት ብቻ አይወረድም። ፋይሎቹን በውጭ ዲስክ ላይ ገልብጬ ኤስኤስዲውን ሙሉ በሙሉ አጠፋሁና ዊንዶውስ 11ን ከፍላሽ ጫንሁ። ጫኚው የትኛውን እትም ትፈልጋለህ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ከባዮሱ አንብቦ ሆምን ራሱ መረጠ፣ ኢንተርኔት እንዳገኘም አክቲቬት ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኤክስ ፒ አር ስጽፍለት ቀን ሳይጠራ ቋሚ ነው አለኝ።