አይጦቹ ወር ይቆጥራሉ

ቢሾፍቱ ዳር፣ ከጤፍ ማሳ ጋር በአጥር የሚዋሰን ቤት ተከራይተን የገባነው በግንቦት ነበር። ግንቦት ላይ የአይጥ ዘር አላየንም። ሐምሌ ሲገባ ኮርኒሱ ላይ ሩጫ ተጀመረ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሆነ ነገር ከሳሎን ተነስቶ መኝታ ቤት ይደርስና ይመለሳል።

እኔም ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ። መንገድ ዳር በብጣሽ ወረቀት የሚሸጠውን መርዝ ገዛሁ። ከቲማቲም ጋር ለውሼ ኮርኒስ ውስጥ አስቀመጥኩ። ጎበዝ ነኝ ብዬ በዚያው ቀን በጣሪያው ጠርዝ ያገኘሁትን ቀዳዳ ሁሉ በሲሚንቶ ደፈንኩ። ሩጫው ቆመ። ለቡሄ እንግዳ ጠርተን ሙልሙል ስንቆርስ ግን ሽታው ሳሎኑን ሞላው። መውጫ አሳጥቻቸው እዚያው ሞተዋል። ኮርኒሱ ተቀደደ። በዚያው ሰሞን የጎረቤት ድመት ሞተች። በእኔ መርዝ ይሁን በሌላ አላውቅም፣ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። መርዝ ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልገባም።

ነገሩን የገለጡልኝ ማሳው የእሳቸው የሆነ አዛውንት ጎረቤታችን ናቸው።

«አባባ፣ እነዚህ አይጦች ከየት ነው የሚመጡት?» አልኳቸው።

«ከዚሁ ነዋ ልጄ። መሬቱ ሲዘጋባቸው ወዴት ይሂዱ?»

የሰፈራችን አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ አንዳንዱ ስንጥቅ እጅ ያስገባል። ለአይጥ ከዚህ የተሻለ ቤት የለም። ክረምት ሲመጣ ዋልካው ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ስንጥቁ ይገጥማል። የተረፈውን ጉድጓድ ጎርፍ ይሞላዋል። በአካባቢው ደረቅ ሆኖ የሚቀረው የእኛ ቤት ነው!

ከዚያ በኋላ አንድ ደብተር ያዝኩ። ድምፅ የሰማሁበትን፣ ኩስ ያየሁበትንና ወጥመድ የያዘበትን ቀን መጻፍ ጀመርኩ። ባለቤቴ ሳቀችብኝ። ደብተሩ ግን የማልጠብቀውን ነገር አሳየኝ፤ ኅዳር ከሐምሌ ይብስ ነበር። የሐምሌዎቹ ትልልቅ፣ ጭራቸው ረጅም፣ ኮርኒስ ወዳድ ናቸው። ኩሳቸው የቡና ፍሬ ያህል ይረዝማል። የኅዳሮቹ ግን ትንንሽ ናቸው፤ ኩሳቸው ከሩዝ ፍሬ ያንሳል፣ የሚገኙትም ወጥ ቤት ነው።

ምክንያቱን ሳስበው ግልጽ ነው። በክረምቱ ሳርና ዘር ስለሚትረፈረፍ ይዋለዳሉ። ትንሿ የቤት አይጥ እርግዝናዋ 3 ሳምንት ገደማ ነው፤ በአንዴም 5 ወይም 6 ልትወልድ ትችላለች። ጤፉ ሲደርስ ማሳው ሞልቷል ማለት ነው። ከዚያ ማጭድ ይገባል። መደበቂያቸው በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠፋል፣ ቀን ጭልፊት፣ ማታ ጉጉት ይጠብቃቸዋል። ከፊሎቹ ወደ እኛ ይሮጣሉ፣ ከፊሎቹ ክምር ስር ይገባሉ። እነዚያ ደግሞ ክምሩ ለውቂያ ሲፈርስ ይመጣሉ። ደብተሬ ላይ ጥር ውስጥ ሌላ ትንሽ ጉብታ አለ፤ እሱ የውቂያው ነው።

ስለዚህ ሥራዬን ወደ ሰኔ መጀመሪያና ወደ ጥቅምት አመጣሁት፤ እነሱ ሳይመጡ። ቀዳዳ የምፈልገው በእስክሪብቶ ነው። እስክሪብቶ ካስገባ ትንሽ አይጥም ያስገባል። ከመድፈኔ በፊት ጋዜጣ ጠቅጥቄበት አድራለሁ። ጠዋት ከተገፋ ሰው አለበት ማለት ነው፣ መጀመሪያ ወጥመድ። ካልተነካ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ጨምሬ በሲሚንቶ እደፍነዋለሁ። ሲሚንቶ ብቻውን ገና ሳይደርቅ ይቦረቡሩታል።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይባላል። እኔ ግን በእውነት ዳዋውን መታሁት። በአጥሩ ስር የነበረውን ሳርና ቁጥቋጦ አንድ ሜትር ያህል ወደኋላ አጸዳሁ። ግድግዳ ተደግፎ የነበረውን እንጨትም ከመሬት አንስቼ በድንጋይ ላይ ደረደርኩ። ከሁሉም በላይ ለውጥ ያመጣው ይሄ ይመስለኛል። ጤፉና ሽሮውም ከማዳበሪያ ወጥተው ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ገቡ።

ወጥመድን በተመለከተ ያጠፋሁት ጊዜ ያሳዝናል። ክፍሉ መሃል አስቀምጬ ስጠብቅ ከረምኩ። አይጥ ግድግዳ ታክኮ ነው የሚሄደው፤ ወጥመዱ ምግብ የሚደረግበት ጫፉ ወደ ግድግዳው ዞሮ መቀመጥ አለበት። ትልልቆቹ ደግሞ አዲስ ዕቃ ይፈራሉ። ስለዚህ ሳልወጥረው ለአራት አምስት ቀን ምግብ ብቻ አደርግበታለሁ። ሲለምዱት እወጥረዋለሁ። ዳቦ ነጥቀው ይሄዳሉ፤ በክር የታሰረ ቋንጣ ግን መታገል ይጠይቃል።

መጋቢት ላይ ያየሁት ኩስ በሙሉ ሮቶው ስር ነበር። ቧንቧው ይንጠባጠብ ነበር፣ ጎሚኒ ቀየርኩ፣ አለቀ። በደረቅ ወር ትልልቆቹን የሚስባቸው ውሃ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኩስ በደረቁ አትጥረጉ፣ አቧራው ወደ ሳንባ ይገባል። በረኪና በውሃ በጥብጣችሁ ርጩበት፣ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፣ በጓንት ጥረጉት። ሽንታቸውም በሽታ ያስተላልፋል።

ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ኅዳርን በሙሉ የያዝኩት 4 ብቻ ነው፤ አምና 19 ነበር። ኮርኒሱ ላይ ግን ሰሞኑን የሆነ ነገር ንጋት ላይ ይንኮሻኮሻል። ባለቤቴ እርግብ ነው ትላለች። እኔ ደብተሩ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጌበታለሁ።